ኮፈኑ አልከፈት ሲል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል። የመኪና በር ይከፈታል። ከዳሽቦርድ ሥር እጀታ ሲሳብ ይሰማል፤ መጨረሻ ላይ አጭር «ጠቅ»።)

 በሳዑዲ ዐረቢያ በጂዛን ከተማ፣ በሰብያ፣ በአቡ ዐሪሽ፣ በሳምጣና በጡዋል ያላችሁ፣ ተራራው ላይ ፈይፋና ዳየር የምትሠሩም፣ ይህ ዝግጅት ለእናንተ ነው። አሁን የሰማችሁት የአንድ አሮጌ ሃይሉክስ የኮፈን መክፈቻ እጀታ ነው። ሹፌሩ ሳበው፤ እጀታው እስከ መጨረሻው መጣለት፤ ኮፈኑ ግን ንቅንቅ አላለም። በስተመጨረሻ «ጠቅ» ያለችው እጀታውን ከኮፈኑ መቆለፊያ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ ክር ነች።

ይህ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቢደርስ ግማሽ ቀን ያባክናል። ሐምሌ ላይ፣ የውሃ ታንከር ጭናችሁ ከሳምጣ ወደ ዓሪዳ ስትወጡ ቢደርስስ? የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነክቷል፤ ከኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት ይወጣል፤ የውጩም አየር ወደ 40 ዲግሪ ተጠግቷል። ውሃው ከኋላ ተጭኗል፣ ራዲያተሩ ከፊት ተጠምቷል፣ በሁለቱ መካከል አንድ የማይከፈት ላሜራ አለ።

ብዙዎቻችሁ የምትነዱት መኪና ደግሞ የራሳችሁ አይደለም፤ የአሠሪያችሁ ነው። የ30 እና የ40 ዓመት ሃይሉክስ፣ ዳትሱን፣ ወይም ሳዑዲዎቹ «ሻስ» የሚሉት ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና ባለቤቱ እንደ ልጁ የሚያየው ነው። ኮፈኑን በብረት ዘንግ ፈልቅቃችሁ ብታጣምሙት ወቀሳውም ቅጣቱም እናንተ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ገመዱ ብቻ ሳይሆን፣ ኮፈኑን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚከፍቱት ጭምር ነው።

መጀመሪያ ገመዱን እንወቀው። ብስክሌት የነዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የብስክሌት ፍሬን ላይ ያለው ዓይነት ነው። ውስጡ ቀጫጭን የብረት ክሮች ተገምደው የተሠራ ሽቦ አለ። ውጭው እንደ ሞላ የተጠቀለለ ብረት ሆኖ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ኧርነስት ሞኒንግተን ቦውደን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1896 እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ እስከ ዛሬም በብዙ አገር «የቦውደን ገመድ» ይባላል። ከዚያ ወዲህ የብስክሌት ፍሬን፣ የሞተርሳይክል ፍሪሲዮን፣ የመኪና እጅ ፍሬን፣ የኮፈን መክፈቻ፣ ሁሉም በዚሁ ዘዴ ሠርቷል።

ዘዴው ያለው ግን በሽቦው ውስጥ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ውጪኛውን ሽፋን ከዝገት መከላከያ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ሽፋኑ የሥራው ግማሽ ነው። በሁለቱም ጫፍ ጠንካራ ነገር ላይ ተደግፎ ካልቆመ፣ ሽቦውን ስትስቡት ሽፋኑ ተከትሎ ይመጣል፤ ወይም መንገድ ላይ ያለው መታጠፊያው ይቃናና ጉልበታችሁን ይበላዋል። ጫፍ ላይ ያለው መቆለፊያ ምንም አይደርሰውም። ስለዚህ እጀታው ባዶውን ሲመጣ «ገመዱ ተበጠሰ» ብሎ መደምደም አይገባም። ሽቦው ደህና ሆኖ ሽፋኑ ከማሰሪያው የወጣበትን መኪና ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ገመድ ሳይሆን ሽፋኑን ወደ ቦታው መልሶ ማሰር ነው።

ጂዛን ደግሞ ለብረት የምትመች አገር አይደለችም። ከተማዋ ቀይ ባሕር ዳር ናት፤ ከአሮጌው ሰፈር ሥር የጨው ጉብታ አለ፤ መሬቱ በዚያ የተነሣ እየተንቀሳቀሰ ቤቶችን ሲሰነጥቅ ኖሯል። አየሩ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። ማታ ኮፈኑ ላይ የሚያርፈው ጤዛ ጨው አለበት። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ከቲሃማ ሜዳ የሚነሣው አቧራ ይመጣና በዚያ እርጥበት ላይ ይለጠፋል። ጨው፣ ውሃና አቧራ ተቦክተው የሚቀመጡት የት ይመስላችኋል? ከራዲያተሩ ፊት፣ ልክ የኮፈኑ መቆለፊያ ያለበት ቦታ ላይ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዛሬ የመጣሁበት ነገር ይኸው ነውና።

ወጣት ሆኜ በአንድ ጋራዥ ረዳት ሳለሁ፣ ሦስት ጊዜ በአንድ ዓመት ገመድ የበጠሰ ዳትሱን መጣልን። ሁለት ጊዜ የቀየርኩለት እኔ ነበርኩ። ሦስተኛውን ልጀምር ስል አንድ የመናዊ ሽማግሌ መካኒክ ክንዴን ያዙኝ። «ያ ወለዲ፣ ስልኩን ተወው፤ መጀመሪያ ቅፍሉን አሳየኝ» አሉኝ። «ስልክ» ሲሉ ስልኬን መስሎኝ ወደ ኪሴ ተመለከትኩ። በዐረብኛ ግን ስልክ ሽቦ ነው። «ቅፍል» ያሉትም መቆለፊያውን ነው፤ የእኛው ቁልፍ ፊደሉ ቦታ ተለዋውጦ ማለት ነው። መቆለፊያውን በጣታቸው ገፉት፤ አልነቃነቅ አለ። ግራሶው ከአቧራ ጋር ደርቆ ሸክላ ሆኗል። እኔ በየጊዜው አዲስ ገመድ እያመጣሁ ከድንጋይ ጋር አሰርኩት። ገመዱ ምን ያድርግ? ሹፌሩ የመቆለፊያውን መንጠቆ ለማስለቀቅ ማውጣት ካለበት ጉልበት ብዙ እጥፍ ያወጣል፤ ያ ሁሉ ጉልበት በቀጭኗ ሽቦ ላይ ያልፋል፤ ክሮቹም አንድ በአንድ ይሄዳሉ።

ገመዱን የሚገድለው መቆለፊያው ነው። በቆሸሸ መቆለፊያ ላይ አዲስ ገመድ ማሰርን ያህል ገንዘብ የሚያቃጥል ስህተት የለም። ሽማግሌው እኔን ሳያሳፍሩ ያስተማሩኝን ትምህርት አሁንም በምስጋና አስታውሰዋለሁ።

(የድምፅ ምልክት።)

እሺ፤ ኮፈናችሁ ተዘግቶ ቀረ እንበል። ማንኛውንም መሣሪያ ከማንሣታችሁ በፊት እጀታውን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡና ስሜቱን አዳምጡ። ሬዲዮ ስለሆነ ድምፁን ላሰማችሁ።

(እጀታ ባዶውን ሲንቀሳቀስ፤ «ቀጭ፣ ቀጭ»።)

ይህ ላላ ብሎ የሚመጣ፣ ስትለቁት የማይመለስ እጀታ ነው። ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይም ከአንደኛው ጫፍ ወልቋል።

(እጀታ በግድ ሲሳብ፤ የላሜራ ሲጥጥታ።)

ይህ ደግሞ ጠንክሮ እምቢ ያለው ነው። ሽቦው ገና አልተበጠሰም። እባካችሁ እዚህ ላይ አቁሙ! ሰው ሁሉ እግሩን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ የሚስበው ይህን ጊዜ ነው፤ የሚበጥሰውም ይህን ጊዜ ነው።

(እጀታ ሲሳብ፤ ከሩቅ «ጭ» የሚል ድምፅ፤ ከዚያ ጸጥታ።)

ሦስተኛው፣ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ ነገር ግን ኮፈኑ አይነሣም። ወይ ሽፋኑ ከማሰሪያው ሸርተት ብሏል፣ ወይ ሽቦው ረዝሟል፣ ወይም ኮፈኑን ወደ ላይ የምትገፋው ሞላ ደክማለች።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሌላ ሰው ጥሩ። ጓደኛችሁ ከኮፈኑ ፊት ይቁምና ሁለት መዳፉን ልክ ከመቆለፊያው በላይ አድርጎ በሰውነቱ ክብደት ወደ ታች ይጫን። እናንተ ውስጥ ሆናችሁ እጀታውን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሲጫንና ሲለቅ፣ ሲጫንና ሲለቅ ይከፈታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተዘጋ ኮፈን በጎሚኒዎቹና በሞላው ወደ ላይ እየተገፋ መንጠቆውን ጨምድዶ ይይዘዋል። ወደ ታች ሲጫን መንጠቆው ይፈታል፤ የሚያስፈልገው ጉልበትም ይቀንሳል። በቡጢ መምታት ግን አያስፈልግም፤ የድሮ ላሜራ ይሰረጉዳል፤ ቀለሙም ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ተበጠሰው እንምጣ። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከመሪው ሥር ተንበርከኩ። አብዛኛው ገመድ የሚበጠሰው ሁለቱ ጫፎች ላይ፣ በተለይ እጀታው ዘንድ በሚታጠፍበት ነው። ከሽፋኑ ወጣ ያለች የሽቦ ቁራጭ ካያችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ጓንት አድርጉ፤ የተፍታታ ክር ጣት ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ተቆልፎ የሚይዝ ፒንሳ ካላችሁ በእሱ፣ ከሌላችሁ በተራ ፒንሳ ሽቦዋን ይዛችሁ አንድ ዙር ጠቅልሏት። በሌላው እጃችሁ ሽፋኑን አጥብቃችሁ ወደ ፊት ግፉት፤ ሽቦዋን ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ሽፋኑን መያዝ አትርሱ፤ ቅድም እንዳልኩት የሥራው ግማሽ እሱ ነው። ጓደኛችሁ ያን ጊዜም ኮፈኑን ይጫን።

ቁራጯ ስትሳብ ተስባ ተስባ ሙሉ በሙሉ ከወጣችስ? አትጣሏት፤ የምትናገረው አለ። ከፓራፋንጎው ውጭ ከመሪው አንሥታችሁ እስከ መኪናው አፍንጫ ድረስ ለኳት። ርዝመቷ እስከ መቆለፊያው ከደረሰ የተበጠሰው እዚያው መቆለፊያው ላይ ነው፤ በመሪ በኩል መድከም ትርፉ ላብ ነው። ከጎማው አካባቢ ከቀረች ግን፣ የቀረው ሽቦ ከዚያ ቦታ ጀምሮ ሽፋኑ ውስጥ ተኝቷል። የፊት ግራ ጎማ ሲወጣ ክፍተት ያለው መኪና ከሆነ፣ በፓራፋንጎው ውስጥ በኩል እጃችሁን ሰድዳችሁ ገመዱን ታገኙታላችሁ። እዚያ ሽፋኑን በጥንቃቄ ቆርጣችሁ ውስጡን ሽቦ ይዛችሁ መሳብ ነው።

ጎማ የምታወጡ ከሆነ መኪናው ጠንካራ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ የኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ይግባ፤ ክብደቱም ካቫሌቶ ላይ ይረፍ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። አሸዋ ላይ የቆመ ክሪክ ሰው ገድሏል፤ ለምኜ ነው የምነግራችሁ።

መቆለፊያው ላይ ከተበጠሰ የሚቀረው የፊቱ ፍርግርግ ነው። እዚህ ላይ ዐረቦቹ «ስልክ» ያሉትን ተዉትና የእናንተን ስልክ አውጡ። ተመሳሳይ ሞዴል መኪና ፈልጉ፤ የጎረቤት ይሁን፣ የዐረቦቹ «ተሽሊሕ»፣ ማለትም የአሮጌ መኪና ማራገፊያ ግቢ ውስጥ ያለ ይሁን። ኮፈኑን አስከፍታችሁ መቆለፊያውን ፎቶ አንሡ። ገመዱ የሚታሰርበት ክንድ በየት በኩል ነው? ሲሳብ ወደ ግራ ነው የሚሄደው ወይስ ወደ ቀኝ? ይህን ሳያውቁ በፍርግርግ ቀዳዳ ብረት መስደድ በጨለማ ቤት ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። ካወቃችሁ በኋላ ጫፉ የተቆለመመ ጠንካራ ሽቦ ወይም ረጅም ካቻቢቴ ሰድዳችሁ ክንዷን ወደ ትክክለኛው ጎን ግፏት።

አንድ ነገር ግን እዚያው አለ። ኤሲ ያለው መኪና ከሆነ ከራዲያተሩ ፊት የኤሲው ኮንደንሰር ተዘርግቷል። ውስጡ በኃይል የታመቀ ጋዝ አለ። በካቻቢቴ ጫፍ ብትወጉት ጋዙ ይወጣል፣ እጅና ዓይንም ይጎዳል። ከመሣሪያውና ከኮንደንሰሩ መካከል ካርቶን ወይም ቀጭን ጣውላ አስገቡ። ቁልፉም ከመኪናው ይውጣ፤ በኤሌክትሪክ የሚዞር የራዲያተር ማራገቢያ አንዳንዱ ሞተር ከጠፋም በኋላ በድንገት ይነሣል።

ሞተሩ እየፈላ ከሆነስ? መጀመሪያ ከአስፋልቱ ውጡ። እስክትቆሙ ድረስ ኤሲውን አጥፍታችሁ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። በዚያ ሙቀት ማሞቂያ መክፈት ቅጣት ይመስላል፤ ነገር ግን ማሞቂያው ሙቀት የሚወስደው ከሞተሩ ውሃ ስለሆነ ትንሽ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ከዚያ ቁሙ፤ አጥፉ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ኮፈኑ ተከፍቶላችሁ እንኳ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳትነኩት። ኮፈኑ አልከፈት ብሎ ያቆያችሁ ያ ግማሽ ሰዓት ፊታችሁን ከመቃጠል አድኖም ይሆናል።

(አጭር ሙዚቃ።)

አገር ቤት ስላሉት መኪናዎችም ጥቂት ልበል፤ ቤተሰብ ዘንድ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይሰማኛልና። አዲስ አበባን ለዘመናት ያገለገለችው ላዳ የተወለደችው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው፤ ሩሲያ ቶሊያቲ ላይ መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የላዳ ኮፈን ማጠፊያው ከፊት፣ መቆለፊያው በመስተዋቱ በኩል ነው። ገመዷ አጭር ናት፤ ከፊት ፍርግርግ በኩል መፈለግም ከንቱ ነው። በሌላ በኩል እየሄደች መቆለፊያው ቢለቅ ነፋሱ ኮፈኑን ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ አይገለብጠውም። ይህን ንድፍ ሁልጊዜ አደንቃለሁ።

የቮልስ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የፊቱ ኮፈን ቢዘጋ ምን ቸገረኝ የሚል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1967 አጋማሽ በፊት የተሠራ ቮልስ ግን የቤንዚን መሙያው ያለው ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። ገመዱ ከተበጠሰ ቤንዚን መቅዳት የለም! ትርፍ ጎማውም እዚያው ታስሯል። ከ1968 ሞዴል ወዲህ መሙያው ወደ ውጭ ወጣ። የድሮ ላንድሮቨር ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፤ ኮፈኑ ከውጭ በእጅ ስለሚከፈት የሚበጠስ ገመድ የለውም።

ተከፈተ እንበል። አሁን ኮፈኑን መልሳችሁ እንዳትዘጉት። በሽቦ ወይም በገመድ አስራችሁ አስቀምጡትና ወደ መቆለፊያው ሂዱ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ነጭ ጋዝ ያዙ፤ ከሌለ ናፍጣ። የደረቀውን ግራሶ እስኪያልቅ ጥረጉት። ሞላዎቹን እዩ፤ የዛገ ወይም የተሰበረ ካለ ይቀየር። ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ መንጠቆውን ዝጉት፣ በጣታችሁ ክንዱን ገፍታችሁ ልቀቁት። በአንድ ጣት ግፊት መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ ገና አልጸዳም፤ ገመድ ለመግዛት አትሂዱ።

ገመዱን በተመለከተ ዋናውን ዕቃ በሻሲ ቁጥር መለዋወጫ መሸጫ ቤት ማግኘት ከተቻለ እሱን የሚያህል የለም። ላንድክሩዘር 70 እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እስከ ዛሬ ስለሚመረት ዕቃው አይጠፋም። ሱቁ ውስጥ «ስልክ አል ከቡት» በሉ፤ ኮፈን በእነሱ «ከቡት» ነው። ከተሽሊሕ የምታወጡ ከሆነ ሽቦውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስባችሁ ሞክሩ፤ ጫፉ ላይ ክሩ የተፍታታም አትግዙ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚገዛም ሰው እንዲሁ ያድርግ።

ከሌለ ይሠራል። የሞተርሳይክል የፍሪሲዮን ገመድ ወይም ከነሽፋኑ የሚሸጥ የብስክሌት የኋላ ፍሬን ገመድ ይሆናል፤ ርዝመቱን ግን አሮጌውን ዘርግታችሁ ለኩ፤ የሽፋኑን ለብቻ፣ የሽቦውን ለብቻ። የብስክሌት የማርሽ ሽቦ ከፍሬኑ ስለሚቀጥን አይመከርም። አንድ ወጥ የማሰሪያ ሽቦማ በጭራሽ፤ ደጋግሞ ሲታጠፍ በወራት ውስጥ ይሰበራል። ስትቆርጡት ደግሞ ክሩ እንዳይፈታ በመጀመሪያ መቁረጫውን ቦታ በናስትሮ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፤ ስታኞ ማቅለጥ የሚችል ሰው ካለም ቅባቱን አጽድቶ ያስይዘው። ደነዝ መቁረጫ ክሩን ያደቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የደቀቀ ጫፍ ደግሞ ሽፋኑ ውስጥ አይገባም።

አሮጌውን ከማውጣታችሁ በፊት የሄደበትን መንገድ ፎቶ አንሡ። ከዚያ በመቆለፊያው በኩል ባለው ጫፍ ላይ ጠንካራ ሲባጎ እሰሩ፤ ገመዱን ወደ ጋቢና ስታወጡት ሲባጎው ተከትሎ ይገባና መንገዱን ይዞ ይቀራል። አዲሱን በሲባጎው ጫፍ አስራችሁ ከፊት መሳብ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው የጋቢናውን ቀዳዳ ሲፈልግ ሲያመሽ አይቻለሁ።

በሞተሩ ክፍልና በጋቢናው መካከል ባለው ላሜራ ላይ ገመዱ የሚያልፍባት ጎሚኒ አለች። ከደረቀች ቀይሯት፤ ያለ እሷ ላሜራው እንደ ቢላ ሽፋኑን ይበላል፤ ውሃም እግራችሁ ሥር ይገባል። ገመዱ ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ የባትሪውንም ጫፍ አይንካ፤ ውስጡ ብረት ነው። መታጠፊያው ሰፋ ይበል፤ ጠበብ ብሎ ከታጠፈ ሽቦው እዚያው ላይ እየታሸ ይሞታል። ወደ ሽፋኑ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉ። ወፍራም ግራሶ መንጠቆው ላይ በስሱ ብቻ፤ በዚህ አገር አቧራ ብዙ ግራሶ ማለት ብዙ ጭቃ ነው።

ጫፉን መቆለፊያው ላይ ስታስሩ ሽፋኑ በማሰሪያው ጥርቅም ብሎ መያዙን አረጋግጡ። ሽቦውን አታወጣጥሩት፤ ጥቂት ሚሊሜትር ልል ይሁን። የተወጠረ ከሆነ መንጠቆው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ ያልተመለሰ መንጠቆ መንገድ ላይ ይከፈታል።

አሁን ፈተናው። ኮፈኑ ክፍት እንደሆነ በካቻቢቴ መንጠቆውን ዝጉት። ጋቢና ገብታችሁ እጀታውን ሳቡ። ወጥታችሁ እዩ፤ ተከፍቷል? መልሳችሁ ዝጉት፤ አሁንም ሳቡ። አሥር ጊዜ። ሰው ሁሉ ይህን ዘልሎ በደስታ ኮፈኑን «ቧ» አድርጎ ይዘጋና እንደገና ከፍርግርጉ ፊት ይንበረከካል። አሥሩንም ጊዜ ካልከፈተ ኮፈኑን አትዝጉ።

ስለ ሁለተኛዋ መንጠቆም ልንገራችሁ። ኮፈኑ ትንሽ ከፈት ሲል በጣት የምትለቀቀው ናት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ከፊት በሚከፈት ኮፈን ላይ ይህች ሁለተኛ መያዣ እንድትኖር በሕግ አስገድዳለች፤ ምክንያቱም በፍጥነት ላይ እያሉ የተገለበጠ ኮፈን የሹፌሩን እይታ ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። «ታስቸግራለች» ብለው አጣምመው ወይም ቆርጠው የጣሏትን አይቻለሁ። ከጂዛን ወደ ጅዳ በሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ላይ የሚያድናችሁ እሷ ብቻ የምትሆንበት ቅጽበት አለ። ዘይት ስጧት፤ ሞላዋም ትመልሳት።

በመጨረሻ መጠባበቂያዋ። ኮፈኑ ክፍት እያለ፣ ከመቆለፊያው ክንድ ላይ ሌላ ቀጭን የተገመደ ሽቦ አስራችሁ ወደ ታች ከፓራውልቱ ጀርባ አውርዷት። ጫፏ ላይ ትንሽ የቁልፍ ቀለበት ይሁን። ጎማው ድንጋይ ከሚያፈናጥርበት፣ ከማራገቢያውና ከቺንጊያውም ትራቅ። ልል ሆና ትቀመጥ፤ ከተወጠረች ጉድጓድ ሲመታ ኮፈኑን ትከፍታለች። ከፊት ቆሞ የሚያያት ሰውም ባትሪውን እንዳይወስድ በደንብ ደብቋት። ዋናው ገመድ አንድ ቀን ቢበጠስ ያቺን ቀለበት ስቦ መክፈት ነው፤ ፍርግርግ መፍታት፣ ጎማ ማውጣት የለም። በጨለማም ብትሆኑ እጃችሁ ሄዶ እንዲያገኛት ዛሬውኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለማመዷት።

(እጀታ ሲሳብ፤ አጭር «ጠቅ»፤ ኮፈን በሞላው ኃይል «ቧ» ብሎ ሲነሣ። የመዝጊያ ሙዚቃ።)